ቡችላውን ሲያስቀምጠው ምን እናድርግ?

ልጆቻችሁ ለወራት ሲለምኗችሁ የቆዩትን ቡችላ በመጨረሻ አመጣችሁላቸው እንበል። አባት በካርቶን ይዞት ገባ። ልጆች በደስታ ጮኹ። እናት፣ “ማን ሊያጸዳለት ነው?” ብላ ስትጠይቅ ሁሉም በአንድ ድምፅ “እኔ!” አሉ። የመጀመሪያው ቀን ስም በማውጣት አለፈ። አንዱ ልጅ ወተት ሰጠው፤ ሌላው እንጀራውን ከወጡ እያጠቀሰ አጎረሰው፤ ትንሿ ልጅ ደግሞ ከብስኩቷ አካፈለችው። በሦስተኛው ቀን ሌሊት ከበረንዳው የለቅሶ ድምፅ ተሰማ። መብራት ሲበራ ካርቶኑም፣ ጨርቁም፣ የቡችላው ጅራት ሳይቀር በቀጭን ተቅማጥ ተበላሽቷል። ባል ሚስቱን ያያል፤ ሚስትም ባሏን ታያለች። “ግድ የለም፣ እስኪነጋ ይሻለዋል” ይላል አንዱ። “ከመድኃኒት ሳጥናችን አንድ ነገር እንስጠው” ይላል ሌላው።

ሁለቱም ምክሮች የመጡት ለቡችላው ከማሰብ ነው። ሁለቱም ግን ሊገድሉት ይችላሉ። የትኛው ተቅማጥ በቤት እንክብካቤ እንደሚያልፍ፣ የትኛው ደግሞ በዚያው ቀን ሐኪም እንደሚያስፈልገው ለይቶ ማወቅ የቡችላውን ሕይወት ያተርፋል። ከዚያም አልፎ አብረውት የሚጫወቱትን ልጆቻችሁን ጤና ይጠብቃል።

የቡችላ ስንቅ ትንሽ ነው

ለአቅመ ውሻ የደረሰ ጤነኛ ውሻ አንድ ቀን ቢያስቀምጠው ሰውነቱ ውስጥ ያከማቸው ውኃና ጉልበት ያሻግረዋል። የሁለት ወር ቡችላ ግን እንዲህ ያለ ስንቅ የለውም። ሁለት ኪሎ የሚመዝን ቡችላ ከሰውነቱ 200 ሚሊ ሊትር ውኃ ቢጎድልበት የክብደቱን አንድ አሥረኛ አጥቷል ማለት ነው። ይህ መጠን አንድ የውኃ ብርጭቆ ያህል ነው፤ ነገር ግን ለሕይወቱ የሚያሰጋ ጉድለት ነው። ተቅማጡ ላይ ትውከት ከተጨመረበት ደግሞ ይህ በአንድ ሌሊት ሊደርስ ይችላል።

ሌላው ስንቅ ስኳር ነው። ትልቅ ውሻ ሳይበላ ቢውል ጉበቱ ካስቀመጠው እያወጣ ይመግበዋል። የቡችላ ጉበት ያን ያህል አያስቀምጥም። ስለዚህ ለብዙ ሰዓት ያልበላ ቡችላ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ይወርድና ይንገዳገዳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱንም ሊስት ይችላል። ቀድሞ “ሆዱ እንዲያርፍ አንድ ቀን ሙሉ አታብሉት” የሚል ምክር የተለመደ ነበር። ይህ ለትንሽ ቡችላ አደገኛ ነው።

እንግዲህ የቡችላ ተቅማጥ የሰዓታት ጉዳይ መሆኑን ልብ በሉ። “እስኪነጋ እንይ” ከማለታችሁ በፊት መጀመሪያ ቡችላውን እዩት።

ወለሉን ሳይሆን ቡችላውን ተመልከቱ

በእንዲህ ያለ ሌሊት ዓይናችን መጀመሪያ የሚያርፈው የተበላሸው ወለል ላይ ነው። መወልወያ ፍለጋ እንሄዳለን፤ ሽታውም ያበሳጨናል። መወልወያውን ከማንሳታችሁ በፊት ግን አምስት ደቂቃ ወስዳችሁ እነዚህን አምስት ነገሮች ተመልከቱ።

1. ንቃቱ። ስትጠሩት ቀና ይላል? ጅራቱን ይቆላል? እንደ ልማዱ ወደ እናንተ ይመጣል? ወይስ ጥግ ይዞ ተኝቶ ዓይኑን ብቻ ያንከራትታል? ሰገራው እጅግ ቀጭን ሆኖ ቡችላው የሚቦርቅ ከሆነ፣ ሰገራው መካከለኛ ሆኖ ቡችላው ከተዝለፈለፈበት ሁኔታ ይሻላል።

2. ድዱ። ከንፈሩን ገለጥ አድርጋችሁ ድዱን እዩ። የጤነኛ ቡችላ ድድ ሮዝ መልክ ያለውና እርጥብ ነው። በጣታችሁ ጫን አድርጋችሁ ስትለቁት ቦታው ይነጣና በሁለት ሰከንድ ውስጥ ወደ መልኩ ይመለሳል። ድዱ ደርቆ ጣት ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ውኃ አንሶታል። ነጥቶ ከቆየ ደግሞ ደም አንሶታል ወይም ደሙ በሚገባ እየተዘዋወረ አይደለም። ድዱ በተፈጥሮው ጥቁር ከሆነ የታችኛውን የዓይን ቆብ ውስጡን ተመልከቱ።

3. ትውከት። አንድ ጊዜ ነው ያስታወከው ወይስ እየደጋገመ? የጠጣው ውኃ ሆዱ ውስጥ ይቀራል ወይስ ተመልሶ ይወጣል?

4. ሰገራው። ደም አለበት? እንደ ሬንጅ ጠቁሯል? ንፍጥ የመሰለ ነገር ወይም ትል ይታይበታል? ስንት ጊዜ ወጣ?

5. የሰውነቱ ሙቀት። ቴርሞሜትር ካላችሁ ጫፉን በቫዝሊን አለስልሳችሁ በመቀመጫው በኩል በዝግታ ለኩት። ቴርሞሜትሩን ከዚያ በኋላ ለሰው አትጠቀሙበት። ከአንድ ወር በላይ የሆነው ቡችላ ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ከ39.5 ሲያልፍ ትኩሳት አለው። ከ37.5 በታች መውረዱም እንደ ትኩሳቱ ሁሉ የሚያሰጋ ምልክት ነው።

ያያችሁትን ከሰዓቱ ጋር በወረቀት ላይ ጻፉት። ነገ ሐኪም ጋ ብትሄዱ ይህች ወረቀት ብዙ ትረዳለች።

ምን አስቀመጠው?

የመጀመሪያው ምክንያት ምግብ ነው። አዲስ ቤት የገባ ቡችላ እናቱን ተለይቷል፤ ሽታው፣ ድምፁ፣ መኝታው ሁሉ ተለውጦበታል። ይህ ጭንቀት ብቻውን አንጀቱን ያውካል። በዚያ ላይ ምግቡ በአንድ ቀን ሲለወጥ ተቅማጥ ይከተላል። በብዙ ቤት “ሕፃን ስለሆነ” ተብሎ የሚሰጠው የላም ወተትም ነገሩን ያባብሳል። ቡችላ ጡት እየተወ ሲሄድ የወተትን ስኳር የመፍጨት ችሎታው ይቀንሳል። ያልተፈጨው ስኳር ውኃ ወደ አንጀት ይስብና ሰገራውን ያቀጥነዋል።

የወጥ ትራፊም እንዲሁ ነው። ቅባቱና በርበሬው ሆዱን ይረብሻል። ከዚህ የከፋው ግን ሽንኩርቱና ነጭ ሽንኩርቱ ነው። ሁለቱም የውሻን ቀይ የደም ሴል የሚጎዱ ናቸው፤ መቀቀላቸውም ጉዳቱን አያስቀረውም። ዘቢብና ቸኮላትም ለውሻ መርዝ ናቸው። የበሰለ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ሊወጋ ይችላል። ጥሬ ጉበትና ሳንባ የመሳሰሉ የሆድ ዕቃዎች ደግሞ ለውሻው የኮሶ ትል ዘር ያስተላልፉና፣ ከውሻው ወደ ሰው ተሻግረው በጉበትና በሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ እባጭ ሊያወጡ ይችላሉ።

ሁለተኛው ምክንያት የአንጀት ትል ነው። ወስፋት ወደ ቡችላው የሚገባው ገና በእናቱ ማኅፀን ሳለ ነው፤ ከተወለደም በኋላ በወተቷ በኩል ይገባል። ስለዚህ “ቤታችን ንጹሕ ነው፣ ትል የለበትም” ማለት አይቻልም። ሆዱ ተነፍቶ ጎኑ የከሳ ቡችላ ብዙ ጊዜ የወስፋት ባለቤት ነው። ሁክዎርም የሚባለው ትል ደግሞ ከአንጀቱ ደም እየመጠጠ ድዱን ያነጣዋል፤ ትንሽ ቡችላንም ሊገድል ይችላል። ከእነዚህ ሌላ በዓይን የማይታዩ ጃርዲያና ኮክሲዲያ የሚባሉ ጥገኛ ተሕዋስያን አሉ። ተራው የትል መድኃኒት ሁልጊዜ እነዚህን ስለማያጠፋ በሰገራ ምርመራ መለየት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የዋጠው ነገር ነው። ቡችላ ዓለምን የሚያውቀው በአፉ ነው። ካልሲ፣ ፌስታል፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ የኮክ ፍሬ ሁሉ አንጀቱን ሊዘጉ ይችላሉ። እየደጋገመ የሚያስታውክ፣ ሆዱን ሲነኩት የሚጮኽ ቡችላ ካያችሁ ይህን አስቡ።

አራተኛውና እጅግ አስፈሪው ፓርቮ የተባለው የቫይረስ በሽታ ነው።

ፓርቮን ለይታችሁ እወቁ

ይህ ቫይረስ በውሾች ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ዓለምን አዳርሷል። በብዛት የሚይዘው ከስድስት ሳምንት እስከ ስድስት ወር ያሉትን ቡችሎች ነው። ቫይረሱ በፍጥነት የሚራቡ ሴሎችን ፈልጎ ያጠቃል። በመጀመሪያ ደረጃ የአንጀትን የውስጥ ሽፋን የሚያድሱትን ሴሎች፣ ቀጥሎም በአጥንት መቅኔ ውስጥ ነጭ የደም ሴል የሚሠሩትን ይገድላል። አንጀቱ ሽፋኑን ሲያጣ ውኃና ደም ያፈሳል፤ ጀርሞችም ወደ ደሙ ይገባሉ። በዚያው ሰዓት ደግሞ የሚከላከሉለት ነጭ የደም ሴሎች አልቀዋል።

ቡችላው ቫይረሱን ካገኘበት ቀን አንሥቶ እስኪታመም ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን ይፈጃል። ስለሆነም ስትቀበሉት ደኅና የነበረ ቡችላ በመጀመሪያው ሳምንት ሊወድቅ ይችላል። ምልክቱ የሚጀምረው በመፍዘዝና ምግብ በመጥላት ነው። ከዚያ ትውከት፣ ቀጥሎም እጅግ የሚከረፋ፣ ብዙ ጊዜ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይመጣል። ሐኪሙ ከሰገራው ጥቂት ወስዶ በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት በሚሰጥ መመርመሪያ ሊያረጋግጥ ይችላል።

ሕክምና ካላገኙት ቡችሎች አብዛኞቹ ይሞታሉ። በጊዜ ደርሰው በደም ሥራቸው ፈሳሽ፣ የትውከት ማስታገሻና ሐኪሙ ያዘዘላቸውን ሌላ መድኃኒት ካገኙት ደግሞ አብዛኞቹ ይተርፋሉ። የመጀመሪያዎቹን ሦስትና አራት ቀናት ካለፈ ተስፋው ይጨምራል። በሞትና በሕይወት መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ አንድ ቀን ቀድሞ መሄድ ነው።

ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም

ከሚከተሉት አንዱን እንኳ ካያችሁ ቤት ውስጥ አትሞክሩ፤ በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት።

• ዕድሜው ከሁለት ወር በታች ከሆነ፤
• ክትባቱን ካልጨረሰና ማስታወክ ወይም መፍዘዝ ከጀመረ፤
• ሰገራው ውስጥ ደም ካለ ወይም እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፤
• እየደጋገመ ካስታወከ ወይም የጠጣው ውኃ ካልቀረለት፤
• ምግብ እምቢ ካለ፣ ከደከመ፣ ከተንገዳገደ ወይም ከተንቀጠቀጠ፤
• ድዱ ከነጣ ወይም ከደረቀ፤ ዓይኑ ከጎደጎደ፤
• ትኩሳት ካለው ወይም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ፤
• መርዝ ወይም ባዕድ ነገር ውጧል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ።

ስትሄዱ ከሰገራው ጥቂቱን በንጹሕ ላስቲክ ቋጥራችሁ ያዙ። የክትባት ካርዱንና የጻፋችሁትን ወረቀት አትርሱ። ፓርቮ ከጠረጠራችሁ አስቀድማችሁ ደውሉ፤ ሌሎች ቡችሎች ባሉበት ወለል ላይም አታስቀምጡት። መንገድ ላይ ከተዝለፈለፈ በጣታችሁ ጥቂት ማር ድዱ ላይ ቀቡት። በፎጣ ጠቅልላችሁ አሙቁት። ራሱን ለሳተ ቡችላ ግን በአፉ ውኃ አትጨምሩበት፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

በቤት የሚደረግ እንክብካቤ

ቡችላችሁ ከሁለት ወር በላይ ከሆነ፣ ከነቃ፣ ከበላ፣ ከጠጣ፣ ካላስታወከና ደም ካላየ ለ24 ሰዓት በቤት ልትረዱት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ውኃ። ንጹሕ ውኃ ምንጊዜም ከአጠገቡ አይጥፋ። ከዚህ ጎን ለጎን ለልጆቻችሁ የምትገዙት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ.) ለእርሱም ይረዳዋል። አንዱን ፓኬት በላዩ ላይ በተጻፈው መጠን፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሊትር፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በጥብጡት። በየ15 ወይም 20 ደቂቃው አንድ ወይም ሁለት የሻይ ማንኪያ ስጡት። እምቢ ካለ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በጉንጩ በኩል ጠብ ጠብ አድርጉለት እንጂ አፉን ከፍታችሁ አትገልብጡበት። የተበጠበጠው 24 ሰዓት ካለፈው ድፉት። ሲጠጣ ካስመለሰው አቁሙና ወደ ሐኪም ሂዱ።

ቀጥሎ ምግብ። ወተቱን፣ ትራፊውን፣ ብስኩቱን ሁሉ አቁሙ። ነጭ ሩዝ በደንብ አብስሉ። ቆዳውና አጥንቱ የወጣለት የዶሮ ሥጋ በውኃ ብቻ ቀቅሉ። ጨው፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ቅመም አይግባበት። ሁለት እጅ ሩዝ ከአንድ እጅ ሥጋ ጋር ቀላቅላችሁ፣ በቀን የሚበላውን ያህል በአምስት ወይም በስድስት ጊዜ ከፋፍላችሁ ስጡት። ሌሊትም አንድ ጊዜ ተነሡለት። በውኃ የተቀቀለ ዱባ አንድ የሻይ ማንኪያ ብትጨምሩበት ሰገራውን ለመያዝ ይረዳል።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። በካርቶኑ ውስጥ ደረቅ ጨርቅ አንጥፉለት፤ ከነፋስ አርቁት። የቀዘቀዘ ቡችላ ምግብ አይፈጭለትም። መቀመጫውን ለብ ባለ ውኃ አጥባችሁ አድርቁለት። እሁድ ጠዋት ቤተሰቡ በሙሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ እስከ ቀትር የማይመለስ ከሆነ አንድ ሰው አብሮት ይቅር። በእነዚያ ሰዓታት ብዙ ሊለወጥ ይችላል።

ከ24 ሰዓት በኋላ ካልተሻለው ወደ ሐኪም ውሰዱት። ሰገራው ከጠነከረ ሩዝና ዶሮውን ለሁለት ቀን ያህል ቀጥሉና ከዚያ ከሦስት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ቀስ በቀስ የወትሮውን ምግቡን ቀላቅሉበት። ሩዝና ዶሮ ብቻ ለሳምንታት መስጠት ግን አይገባም። ለሚያድግ አጥንት የሚያስፈልገው ካልሲየምና ሌላው ንጥረ ነገር በውስጡ በበቂ መጠን የለም።

ከመድኃኒት ሳጥኑ ራቁ

ወደዚያች ሌሊት እንመለስና “አንድ ነገር እንስጠው” ያለውን እናስብ። ፓራሲታሞል የውሻን ጉበት ይጎዳል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ጨጓራውን ያቆስላሉ፤ ኩላሊቱንም ያደክማሉ። ተቅማጥ የሚያቆም የሰው ክኒን አንጀቱን ያስርና ሊወጣ የሚገባውን መርዝ በውስጡ ያስቀራል። ከልጅ ሕመም የተረፈ አንቲባዮቲክ ቫይረስንም ትልንም አይገድልም፤ ይልቁንም ለአንጀቱ የሚጠቅሙትን ባክቴሪያዎች ያጠፋል። ቀላል ተቅማጥ በአብዛኛው ያለ አንቲባዮቲክ ይድናል።

የትል መድኃኒትም ቢሆን በግምት አይሰጥም። ለከብትና ለበግ የተዘጋጀ መድኃኒት ለሁለት ኪሎ ቡችላ እጅግ ይበዛል። ኮሶም ሆነ አረቄ ወይም ሌላ መጠኑ የማይታወቅ የባህል መድኃኒት አትስጡት። ሐኪሙ ቡችላውን መዝኖ በኪሎው ልክ ይሰጠዋል።

ልጆቻችሁንና ግቢያችሁን ጠብቁ

የውሾች ፓርቮ ሰውን አይዝም። በጫማና በልብስ ተሸክመነው ግን ወደ ሌላ ቡችላ እናደርሰዋለን። ወስፋትና ሁክዎርም ግን ለሰውም ይተርፋሉ። የውሻ ወስፋት እንቁላል ከአፈር ጋር ወደ ሕፃን አፍ ከገባ ትሉ በጉበቱ ሊዞር፣ አልፎ አልፎም ዓይኑን ሊጎዳ ይችላል። የሁክዎርም እጭ ደግሞ በባዶ እግር የሚሄድን ልጅ ቆዳ በስቶ ይገባል። ከሚያስቀምጠው ቡችላ ወደ ልጅ የሚተላለፉ የተቅማጥ ባክቴሪያዎችም አሉ።

መልካሙ ዜና መከላከያው ቀላል መሆኑ ነው። ዛሬ የወደቀው ሰገራ ውስጥ ያለው የወስፋት እንቁላል ዛሬውኑ አያሲዝም። ለዚያ የሚበቃው አፈር ውስጥ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ለዓመታት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ሰገራውን በየቀኑ የሚያነሣ ቤተሰብ አደጋውን ከሥሩ ይቆርጠዋል። የሁክዎርም እጭ ግን በቀናት ውስጥ ስለሚደርስ ልጆች ግቢ ውስጥ ጫማ ያድርጉ። ቡችላውን ከነኩ በኋላና ከመመገባቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፤ ፊታቸውንም አያስልሱት።

ወለሉን ስታጸዱ መጀመሪያ ሰገራውን አንሡና በሳሙና እጠቡ። ቆሻሻ ባለበት ላይ የፈሰሰ በረኪና ኃይሉን ያጣል። ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በሠላሳ እጅ ውኃ በጥብጣችሁ ወለሉን አርጥቡት፤ አሥር ደቂቃ ከቆየ በኋላ በውኃ አለቅልቁት። ተራ ሳሙናና ዲቶል የመሳሰሉት ፓርቮን አያጠፉም፤ በረኪና ግን ያጠፋዋል። በረኪናን ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ። በሩና መስኮቱ ክፍት ይሁን፤ ልጆችም ይራቁ።

ባልና ሚስት አስቀድመው የሚነጋገሩበት

ብዙ ቤት ውስጥ ጠብ የሚነሣው ቡችላው ከታመመ በኋላ ነው። “አንተ ነህ ያመጣኸው”፣ “አንቺ ነሽ ወተት የሰጠሽው” ይባላል። ከመግባቱ በፊት ግን ተቀምጣችሁ ሦስት ነገር ብትስማሙ ይህ ሁሉ ይቀራል።

አንደኛ፣ የሚያበላው አንድ ሰው ይሁን። ልጆች ተራ መግባት ይችላሉ፤ ምን እንደሚበላ ግን በአንድ ሰው ይወሰን። በቤት ሥራ የምትረዳችሁ እህት ወይም ዘበኛ ካለ ለእነርሱም ንገሯቸው። ቡችላው ከነበረበት ቤት ምን ይበላ እንደነበር ጠይቁና መጀመሪያ ያንኑ ስጡት። አዲሱን ምግብ በሳምንት ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ አስገቡ። ቢቻል ደግሞ ሁለት ወር ሳይሞላው ከእናቱ አትለዩት።

ሁለተኛ፣ ለክትባትና ለትል መድኃኒት ገንዘብ መድቡ። የትል መድኃኒት የሚጀመረው በሁለት ሳምንት ዕድሜው ነው። እስከ ስምንት ሳምንት በየሁለት ሳምንቱ፣ ከዚያም እስከ ስድስት ወር በየወሩ ይቀጥላል። የፓርቮ ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ዕድሜ ተጀምሮ ቢያንስ 16 ሳምንት እስኪሞላው በየሁለት እስከ አራት ሳምንቱ ይደገማል። የሚደገምበት ምክንያት አለው። ከእናቱ ያገኘው መከላከያ በደሙ ውስጥ እስካለ ድረስ ክትባቱን ያከሽፈዋል። ያ መከላከያ መቼ እንደሚያልቅ ደግሞ ከቡችላ ቡችላ ይለያያል። ስለዚህ “አንድ ጊዜ ተከትቧል” የተባለ ቡችላ ገና አልተጠበቀም። እስኪጨርስ ድረስ ሌሎች ውሾች በሚጸዳዱበት መንገድ አታዟዙሩት። ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን አስወጉት። የዚህ ሁሉ ወጪ ከአንድ የፓርቮ ሕክምና ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው።

ሦስተኛ፣ ሌሊት ማን እንደሚነሣና የትኛው ሐኪም ዘንድ እንደምትሄዱ ወስኑ። ስልክ ቁጥሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

ምናልባት ሁሉን አድርጋችሁም ቡችላው ይሞት ይሆናል። ያን ጊዜ ለልጆች “ጠፋ” ወይም “ለዘመድ ሰጠነው” አትበሏቸው። እንደ ታመመ፣ እንደ ታከመ፣ እንዳልዳነም በግልጽ ንገሯቸው። ብስኩት ያካፈለችው ትንሿ ልጅ “እኔ ነኝ የገደልኩት” ብላ እንዳትቀር አቅፋችሁ አጽናኗት። ሐዘናቸውን ለማስረሳትም በማግሥቱ ሌላ ቡችላ አታምጡ። የሞተው በፓርቮ ከሆነ ቫይረሱ በግቢው አፈር ውስጥ ለወራት፣ እስከ ዓመትም ሊቆይ ይችላል። ቀጥሎ የሚመጣው ክትባቱን የጨረሰ ይሁን።

ውድ ወላጆች፣ ልጆች “እኔ!” ብለው የገቡትን ቃል የሚማሩት ከእናንተ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ አባት ሩዝ ሲያበስል፣ እናት በሻይ ማንኪያ ውኃ ስታጠጣ ያየ ልጅ በቤቱ ውስጥ ደካማ ፍጥረት ሲታመም ምን እንደሚደረግ ያውቃል። እንግዲህ ዛሬ ማታ ቡችላችሁ ቢያለቅስ መብራቱን አብሩ፤ ከወለሉም በፊት ድዱን እዩ።